የሩት ቢራ? ስሩስ የታለ?

ለጥምቀት እህቴ ከአሜሪካ መጣች። ሻንጣዋ ውስጥ ለልጆቹ ብላ 6 ጣሳ ሩት ቢር ይዛ ነበር። እናቴ ስሙን ስትሰማ ሩት የምትባል ሴት የጠመቀችው ቢራ መሰላት። ለልጅ ቢራ ይሰጣል ወይ ብላ ተቆጣች። እህቴ የስር ቢራ ማለት እንደሆነ፣ አልኮልም እንደሌለው አስረዳቻት። እናቴ አንድ ጉንጭ ቀመሰች። ፊቷን አጨማደደች። ወገቧን ሲያማት የምትቀባው ቅባት ይሸታል አለችና ጣሳውን ወደ እኔ ገፋችው። የምን ስር እንደሆነም ጠየቀችኝ። እኔም አላውቅም፣ እህቴም አታውቅም።

ጣሳው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ጋዝ ያለው ውሃ፣ ከበቆሎ የተሰራ ሽሮፕ፣ የካራሜል ቀለም፣ ጣዕም ሰጪ። አንድም የስር ስም የለም።

ያን ማታ እኛ የጎንደር ልጆች በምንጨዋወትበት መድረክ ላይ ጥያቄዬን ለጠፍኩ። ከተማው ውስጥ ያለነውም ከአገር የወጡትም እዚያ ነው የምንገናኘው። ሦስት ነገር ጠየቅኩ። ይህ መጠጥ አልኮል አለው ወይ? ስሩ የምን ስር ነው? እኛስ ከራሳችን ስሮች እንዲህ ያለ ለስላሳ መስራት አንችልም ወይ? ከታች የራሴን ሐሳብ ጨመርኩ። ፈረንጅ ከመቶ ዓመት በፊት ስር ቀቅሎ ለስላሳ ከሸጠ፣ ዝንጅብልና ጌሾን የመሰለ ስር ያለን ሰዎች የሰው ጣሳ ለምን እንጠብቃለን አልኩ። ጌሾን ስር ማለቴ ስህተት ነበር። ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተከተለውን ውይይት፣ ያስረዘመውም እሱ ነው።

43 ምላሽ መጣ። ሁሉንም አንብቤያለሁ። ብዙ ስለተማርኩበት እንዳመጣጡ ላካፍላችሁ።

1ኛውን የጻፈው የቸቸላ ልጅ ነው። አሁን ፊላደልፊያ ይኖራል። እንኳን ለጥምቀት አደረሳችሁ ብሎ ጀመረ። ሱቅ የሚሸጠው ሩት ቢር አልኮል እንደሌለው፣ እዚያ አገር ልጆች በልደት በዓል እንደሚጠጡት ነገረን። እሱም መጀመሪያ ሲቀምሰው መድኃኒት መድኃኒት ብሎት ነበር። በኋላ አይስክሬም ጣል አድርገው ሲሰጡት ወደደው። በጾም ከሆነ አይስክሬሙ እንደሚቀር ማስታወስም አልረሳም።

2ኛዋ ከአዘዞ ናት። ሙስሊም መሆኗን ገልጻ፣ ቢራ የሚለው ስም እንደሚያሳስባት በትህትና ጻፈች። አልኮል የለውም የሚባል ነገር ሁሉ እውነት ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ትፈልጋለች። ጥያቄዋ ለነፍሰ ጡርም፣ መድኃኒት ለሚወስድም፣ ከመጠጥ ለራቀ ሰውም ጥያቄ ነው። ስለጠየቀች ደስ አለኝ።

በ3ኛው የፊላደልፊያው ልጅ ተመለሰ። የመጠጡ ታሪክ ከሚኖርበት ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። ቻርልስ ሃየርስ የሚባል የፊላደልፊያ ፋርማሲስት እ.ኤ.አ. በ1876 እዚያ በተካሄደው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሩት ቢርን ለሕዝብ አቀረበ። በፊትም ሰው በየቤቱ ስር እየቀቀለ ይጠጣ ነበር። ሃየርስ የስር ሻይ ሊለው አስቦ ነበር ይባላል። ግን የፔንሲልቫኒያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሻይ ነው ብለው እንዳይንቁት ቢራ አለው። ሰውየው ራሱ አልኮል የሚቃወም ነበር። ለአዘዞዋ እህትም ልጁ በጥንቃቄ መለሰላት። የፋብሪካው ምርት ጋዙ በማሽን የሚገባ ስለሆነ አይፈላም። ቤት ውስጥ በእርሾ የሚሰራው ግን ትንሽም ቢሆን አልኮል ያወጣል። ስለዚህ ስሙ አንድ ቢሆንም ሁለት የተለያየ መጠጥ ነው። እሷም በ5ኛው አመሰገነችና የቤቱን እንደምትተወው ጻፈች።

መሃል ላይ 4ኛው አለ። ለእኔ ከክሩ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ጸሐፊው የፋርማሲ ተማሪ ነው። የድሮው ሩት ቢር ዋና ጣዕም ሳሳፍራስ ከሚባል የሰሜን አሜሪካ ዛፍ የስር ቅርፊት ይመጣ እንደነበር አስረዳ። ሳርሳፓሪላ የሚባል የሐረግ ስርም ይጨመርበት ነበር። ሳሳፍራስ ውስጥ ሳፍሮል የሚባል ዘይት አለ። አይጦች ላይ ሲሞከር የጉበት ካንሰር አመጣ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ1960 ሳፍሮልን ከምግብና ከመጠጥ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ጣዕሙ በፋብሪካ ተመስሎ ይሰራል፣ ወይም ሳፍሮሉ የወጣለት ሳሳፍራስ ይገባበታል። ጣሳው ላይ የስር ስም ያጣሁት ለዚህ ነው።

የእናቴን አፍንጫም እሱ አከበረላት። ብዙ ሩት ቢር ውስጥ ዊንተርግሪን የሚባለው ቅጠል ሽታ አለ። ሽታውን የሚሰጠው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው። ለጡንቻና ለወገብ ሕመም በሚሸጡት ቅባቶች ውስጥም ያለው እሱ ነው። ይህን ለእናቴ ሳነብላት ቀና ብላ ተቀመጠች። እሷ የ74 ዓመት ሴት ናት። ፊደል በደንብ አልቆጠረችም። አንድ ጉንጭ ቀምሳ ግን ኬሚካሉን ለይታዋለች።

6ኛው ቆጣ ያለ ነበር። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ስለ አሜሪካ ለስላሳ መወያየት ቅንጦት ነው አለ። ሐሳቡን አልንቀውም። ጀሪካን ተሸክሞ የዋለ ሰው እንዲህ ቢል እውነቱን ነው። ሁለት ሰዎች ደገፉት። አንዱ ሌላ ክር እንዲከፍት ነገረው። በማግስቱ ከፈተ፤ እዚያም ጽፌያለሁ።

ከዚያ 9ኛው መጣ። ቀበሌ 18 አካባቢ ለብዙ ዓመት ጠላ የጠመቁ እናት ናቸው። የልጅ ልጃቸው ነው የሚጽፍላቸው። ሁላችንም እትዬ እያልን ነው የመለስንላቸው። ጌሾን ስር ያልኩትን ሲሰሙ አዝነዋል። የጎንደር ልጅ ሆኖ ይህን አለማወቅ ያሳፍራል የሚል መንፈስ ነበረው። ልክ ናቸው። የሚፈለገው የጌሾ ቅጠልና እንጨት ነው። ለጠላው ደርቆ ተወቅጦ ከብቅሉ ጋር ይጠነሰሳል። ለጠጅ እንጨቱ ይመረጣል። ስሩን ማንም አይነቅልም፤ ቁጥቋጦው በየዓመቱ መልሶ የሚያቆጠቁጠው ስሩ ስላልተነካ ነው። ጌሾ መራራነት ከመስጠቱም በላይ መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። አንድ ሰው በ10ኛው ጨመረበት፤ ፈረንጅ ቢራው ውስጥ የሆፕስ አበባ የሚጨምረው ለዚሁ ሥራ ነው።

በ11ኛው እትዬን ይቅርታ ጠየቅኩ። ከልቤ ነው። ቤታችን ጠላ ሲጠመቅ ነው ያደግኩት። ጋኑ ሲታጠን፣ ጥንስሱ ሲጣል፣ ድፍድፉ ሲደረግ አጠገቡ ነበርኩ። ተክሉን ግን በቁሙ አይቼ ልለየው አልችልም። ከገበያ ደርቆ ሲመጣ ብቻ ነው የማውቀው።

12ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ስህተቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ በመጻፍ አጽናኑኝ። ዝንጅብልም ስር አይደለም። ከመሬት በታች የሚተኛ ግንድ ነው። እርድም እንዲሁ። አንጓ አንጓውን አይቶ መለየት ይቻላል፤ ከአንጓው ቡቃያ ይወጣል፣ እውነተኛ ስር ግን አንጓ የለውም። ድንችም ግንድ ነው፤ ዓይን የምንለው የቡቃያው ቦታ ነው። ስኳር ድንች ግን ስሙ ድንች ሆኖ በትክክል ስር ነው። ካሮትና ካሳቫም ስር ናቸው። የእንሰቱ አሚቾ፣ ከመሬት በታች ያለው የሚበላው ክፍል፣ ደግሞ የግንድ ወገን ነው። እሳቸው ተማሪዎቻቸውን አንድ ድንችና አንድ ካሮት ጨለማ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው ከየት እንደሚያቆጠቁጥ ያሳዩ ነበር። ክፍላቸው ውስጥ በነበርኩ አልኩ።

ከ13ኛው እስከ 16ኛው የድንች ጭቅጭቅ ነው። ገበሬ ስራስር ሲል ድንችንም ዝንጅብልንም ይጨምራል፤ መጽሐፍ ለምን ይለየዋል የሚል ሰው ተነሳ። ጋሼ ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል እንደሆኑ ነገሩት። አልበረደም። ትንሽ ተዘላለፉ። ልለፈው።

17ኛው ከዳባት ነው። የዚህ ልጅ ጽሑፍ ሆድ ያባባል። እኛ ከአሜሪካ የመጣ ጣሳ ስንመረምር ኮረፌን ማንም አለማንሳቱ ገርሞታል። ገብሱ ተፈትጎ፣ ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ተቆልቶ ይፈጫል። ከጌሾ ቅጠል ጋር ይደፈደፋል። ድፍድፉ በሸክላ ተከድኖ ረጅም ጊዜ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ወይም ደቦ ሲጠራ ከድፍድፉ ተቀንሶ ውሃ ይጨመርበትና በማግስቱ ይጠጣል። አያቱ ድፍድፉን በእጃቸው ጨብጠው ብቻ መድረሱን ያውቁ ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላ በቤቱ የሰራ ሰው የለም። ለኮረፌ የሚሆነውን ጋን እስካሁን ጥግ ላይ አስቀምጠውታል። ከሥሩ ብዙ ሰው ስለ አያቱ ጻፈ። ከአዘዞዋ እህት ቤት ደግሞ ብርዝ እንደሚጠጣ ሰማን። ማር በውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ሳይገባበት፣ ሳይፈላ ትኩሱን ለልጅም ለእንግዳም ይቀርባል። አገራችን ለስላሳ የሚባል ነገር የጀመረችው በጠርሙስ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት።

21ኛው ወጣት ነው፤ ማራኪ አካባቢ ይኖራል። ሦስተኛ ጥያቄዬን ሞክሮታል። ዝንጅብል ወቅጦ ቀቀለ፤ ስኳርና ሎሚ ጨመረ፤ ሲቀዘቅዝ የዳቦ እርሾ ነካ አደረገበት። በመስታወት ጠርሙስ ሞልቶ፣ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ፣ አልጋው ሥር አስቀመጠው። በሦስተኛው ሌሊት ፈነዳ። ግድግዳው ላይ ስባሪ ተሰካ። አልጋው ላይ የተኛው ታናሽ ወንድሙ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም።

እዚህ ላይ የፋርማሲው ተማሪና ጋሼ ተረዳድተው አብራሩ። እርሾ ስኳር እየበላ ሁለት ነገር ያወጣል፤ አልኮልና ጋዝ። ጠላ ሲፈላ ጋዙ መውጫ አለው። የተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ግን መሄጃ ያጣል። ቤት መሞከር የሚፈልግ ሰው የፕላስቲክ ጠርሙስ ይጠቀም፣ ከላይ ባዶ ቦታ ይተው፣ ጠርሙሱ በጣት ሲጫኑት ጠጠር ካለ ወዲያው ማቀዝቀዣ ያስገባ። ቅዝቃዜ እርሾውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። እርሾ ካልፈለገ ደግሞ የዝንጅብሉን ጭማቂ አምቦ ውሃ ላይ ማፍሰስ ይበቃዋል። የአምቦ ጋዝ ከምድር ይዞት የሚወጣው ነው፤ አልኮል የለውም። ይህን እኔም ሞክሬዋለሁ። ልጆቹ ከጣሳው ይልቅ ወደዱት።

ከ26ኛው ጀምሮ ክሩ ከረረ። አንዲት ሴት ሩት ቢር ለምን እንደ ቢራ አረፋ እንደሚያወጣ ጠየቀች። ዩካና ኪላያ ከሚባሉ ተክሎች የሚወጣ ሳፖኒን ስለሚጨመርበት እንደሆነ ተማሪው መለሰ። ሳፖኒን ውሃ ውስጥ ሲመታ አረፋ ይሰራል። የእንዶድ ፍሬ ነጠላና ጋቢ የሚያነጻውም በዚሁ ወገን ባለ ንጥረ ነገር ነው። እስከዚህ መልካም ነበር። በ28ኛው አንድ ሰው፣ እንዲያ ከሆነ በራሳችን መጠጥ ላይ ትንሽ እንዶድ ብንጨምርስ የሚል ሐሳብ አመጣ። የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም ሲል ጨመረ።

ተማሪው በ29ኛው አልራራለትም። እንዶድ ሲዋጥ መርዝ ነው። አንድ ቤተሰብ የጻፍከውን አንብቦ ቢሞክረው ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል አለው። ሰውየው ተሰደብኩ ብሎ በ30ኛው ተቆጣ። የአያቶቻችንን ዕውቀት የሚንቁት የተማሩት ናቸው አለ። እኔ ከተማሪው ጋር ነኝ። አነጋገሩ ቢለሰልስ ጥሩ ነበር፤ ነገሩ ግን የሚለሰልስ አይደለም። አያቶቻችን በእንዶድ ልብስ አጠቡ እንጂ አልጠጡትም። ሳሳፍራስም የተፈጥሮ ነበር።

ጋሼ በ32ኛው ያበረዱት በታሪክ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውሃ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ ተነስቶ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አሳየ። የአያቶችን ዕውቀት ማክበር ማለት እንዲህ መመርመር እንደሆነ ጋሼ ጻፉ። ባለ 30ኛው ከዚያ በኋላ አልመለሰም። ቅር ብሎት እንዳይቀር በውስጥ መስመር ሰላም ብዬዋለሁ።

ስለ ስር ካነሳን ድንገተኛና ቀበርቾ የሚባሉ የመድኃኒት ተክሎችም መጡ። ቅዳሜ ገበያ የምትሄድ አንዲት እናት ስለ ሁለቱ ጻፈች። ድንገተኛ ስሩ ይታኘካል፤ ሆድ በድንገት ሲቆርጥ ነው። ቀበርቾ ስሩ ይታጠናል። እነዚህ እውነተኛ ስሮች ናቸው፤ ሁለቱም የኢትዮጵያ ብቻ የሆኑ ተክሎች ናቸው። በልጅነቷ ከምታውቀው ይልቅ አሁን ገበያ ላይ የሚቀርበው እስር ቀጥኗል። ጋሼ ምክንያቱን አመለከቱ። ቅጠል የተቀጠፈበት ተክል መልሶ ያበቅላል። ስሩ የተነቀለ ግን አብሮ ይሞታል። ከጫካ የሚነቅል እንጂ የሚተክል ሰው ጥቂት ነው። ሦስተኛ ጥያቄዬን እንደገና እንዳስብበት ያደረገኝ ይህ ነው። ከስር ለስላሳ እንስራ ብዬ ስጽፍ ስሩን ማን ይተክላል ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። ዝንጅብል ይሻላል። ገበሬ ተክሎ ነው የሚያመርተው።

38ኛዋ ነርስ ናት። ሌሊት ተረኛ ሆና ነው የጻፈችው። ስለ ስሩ ብዙ ተባለ፣ ስለ ስኳሩ ግን ዝም ተባለ አለች። 330 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ 35 ግራም ስኳር አለ። ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የሩት ቢር ጣሳ ከዚያም ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። የሚያሳስባት ግን የታመመ ጥየቃችን ነው። ስኳር በሽታ ላለበት ሰው እንኳን ሚሪንዳ ይዘን እንሄዳለን። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ጉልበት እንዲሆነው ብለን ለስላሳ እናጠጣለን። ያን ያህል ስኳር ውሃውን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ለሕፃኑ የሚያስፈልገው ሰውነቱ ያጣውን ውሃና ጨው የሚተካለት፣ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት፣ ኦአርኤስ ነው። ከጤና ጣቢያም ከፋርማሲም ይገኛል።

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። ባለፈው ዓመት አጎቴን ልጠይቅ ስሄድ ግማሽ ሳጥን ለስላሳ ይዤ ነው የሄድኩት። ስኳር እንዳለበት አውቅ ነበር። ባዶ እጅ መግባት ከበደኝ። ነርሷን ታዲያ ምን ይዘን እንሂድ ብዬ ጠየቅኩ። እንቁላል፣ አትክልት፣ አልያም የታሸገ ውሃ ማንም ነውር እንደማይለው መለሰችልኝ። ሦስት ሰዎች አሁንም ነውር ነው ብለው ተከራከሯት። እሷም ሌሊቱን ሙሉ የምታያቸውን ሕመምተኞች ጠቅሳ ጠንከር አድርጋ መለሰች። ከዚያ ማንም አልተከራከረም።

የመጨረሻው፣ 43ኛው፣ የእትዬ ነው። የልጅ ልጃቸው ሁሉንም አንብቦላቸዋል። ከጣሳዎቹ የተረፈ ካለ መቅመስ እንደሚፈልጉ አጻፉ። ያለ ጌሾና ያለ ብቅል ቢራ የተባለ ነገር በምላሳቸው ማወቅ አለባቸው። ከ6ቱ አንድ ጣሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀርቷል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይዤላቸው እሄዳለሁ። እናቴም አብራኝ ትመጣለች። እትዬ ብርዝ በጥብጠው እንደሚጠብቁን፣ የጌሾ ቁጥቋጦም ጓሯቸው ስላለ በቁሙ እንደሚያሳዩኝ ጽፈዋል።